«ልየው» ለሚል ሰው ማንኛውም ካርታ አይበቃም

በአራዳ ካርታ የሚጫወት ሰው ሁሉ የሚምልበት አንድ እምነት አለ። «አብሮህ የተቀመጠው ሰው ጨዋታውን ካላወቀ ምን ደረሰኝ ብለህ አትጨነቅ፤ ዝም ብለህ ግባ፣ ኋላ ትበልጠዋለህ» ይላል። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ሠራተኛ ሠፈርና ወደ ዶሮ ማነቂያ ሲወርዱ በነበሩት መንደሮች ያደጉ ልጆች ይህን የሚናገሩት እንደ ምክር ሳይሆን እንደተረጋገጠ ነገር ነው። ዛሬ ቅዳሜ ማታ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ፖከር የሚጫወቱትም ወርሰውታል። እኔ ግን ይህ እምነት ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ደካማ ተጫዋች ፊት መነሻ ካርታ መምረጥ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም። ከጎበዝ ጋር ስንጫወት መጥፎ ካርታ የምንሸፍንባቸው ብልሃቶች ከደካማ ጋር ስንጫወት አይሠሩም። ያን ጊዜ የሚቀረን ካርታው ብቻ ነው።

የማወራው ስለ ቁማር ቤት አይደለም። ቁማር ስንት ቤት እንዳፈረሰ የማያውቅ የለም፤ የቤት ኪራይ ይዞ ካርታ ላይ የሚቀመጥ ሰው ምክር ሳይሆን የሚይዘው ወንድም ያስፈልገዋል። የማወራው የምሽቱ ሙሉ ኪሳራ ከአንድ ምሳ ዋጋ ስለማይበልጥበት፣ ቡና እየተፈላ፣ ቆሎ እየተቆረጠመ ዘመድና ጎረቤት ስለሚጫወተው ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ ለአራዳ ሰው ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አለው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አጥር ለአጥር የኖረው ሰው በየከተማው ዳር ተበትኗል። አንዱ ቤት ተጠራርቶ የሚሰበሰብበት ምክንያት ሠርግና ለቅሶ ብቻ እንዳይሆን ካርታው ረድቷል። እንዲህ ያለ ገበታ ላይ የሚቀመጠው ሰው ደግሞ አብዛኛው ደካማ ተጫዋች ነው። ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ የተማሩት ነው፤ የአክስት ልጅ ከዓመት ሁለቴ ብቻ ይጫወታል፤ የቤቱ ባለቤት እንግዳ እያስተናገደች በመሐል ነው የምትቀመጠው። ስለዚህ «ከደካማ ጋር እንዴት ይጫወታል?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ዋናው ጥያቄ ነው።

የጨዋታውን አካሄድ ለማያውቅ በአጭሩ ልናገር። በብዛት የሚጫወቱት ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል። ቀጥሎ አምስት ካርታ ለሁሉም የሚሆን መሐል ላይ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። በየመሐሉ ገንዘብ ይወራረዳሉ። አንድ ሰው ሲጨምር ሌላው ወይ ይከተላል፣ ወይ ይጥላል፣ ወይ ይጨምርበታል። እስከ መጨረሻ የቆዩት ካርታቸውን ይገልጣሉ፤ ከሰባቱ ካርታ የተሻለውን አምስት የሠራ መደቡን ይወስዳል። ከ52 ካርታ ሁለት ሁለት እያደረጉ ሊታደል የሚችለው 1,326 ዓይነት ጥንድ ነው። ሁለት ኤስ ከ221 ጊዜ አንዴ ይመጣል። ማንኛውም ተመሳሳይ ጥንድ ደግሞ ከ17 ጊዜ አንዴ። ቀሪው አብዛኛው መጣል ያለበት ነው።

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ሳስበው የከረምቡላ ቤቶቻችን ይታዩኛል። ፒያሳ ለብዙ ዘመን የከረምቡላ መንደር ነበረች፤ የጎበዝና የደካማ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ብዙዎቻችን የተማርነው እዚያ ቆመን በማየት ነው። ከረምቡላ ላይ ድንጋዮቹ የትም ይቁሙ ጎበዙ መውጫ ያገኛል። ባንዳውን መትቶ፣ ዞሮ፣ አስቸጋሪውን ቦታ ወደ ነጥብ ይለውጠዋል። ደካማው የተመቻቸ ቦታ ተሰጥቶትም ይስታል። በዚህ ዓይን ያደገ ሰው ካርታ ላይ ሲቀመጥ «ችሎታ ካለኝ መነሻው ምን ያደርገኛል?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ካርታ ከረምቡላ አይደለም። ሰባትና ሁለት የደረሰውን ሰው የእጁ ቅልጥፍና ኤስ አያደርግለትም። የሚቀጥለው ካርታ ምን እንደሚሆን ማዘዝ አይችልም። በገዛ ፈቃዱ የሚያደርገው ነገር መግባት ወይም መጣል፣ መጨመር ወይም መከተል ብቻ ነው። ከእነዚህም ውስጥ በየዙሩ ሳይቀር የሚመጣው፣ ርካሹና ትልቁ ውሳኔ የመጀመሪያው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጎበዙ ተጫዋች የሚመካበት ማስፈራራትን ነው። ካርታ ሳይኖረው ብዙ ገንዘብ ጨምሮ ሌላውን ማስጣል። ፈረንጅ ብሉፍ የሚለው ይህ ነው፤ የእኛም ልጆች ብሉፍ ይሉታል። ደካማ ተጫዋች በማስፈራራት ይሸነፋል የሚለው ሐሳብ ግን በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ለማስጣል መጀመሪያ ተጋጣሚው የሚጥል ሰው መሆን አለበት። መጣል ደግሞ ችሎታ ነው። ሰውየው «ይህ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ እየጨመረ መጣ፣ ሦስተኛው ካርታ ሲገለጥ አላመነታም፣ ስለዚህ ከእኔ የተሻለ ይዟል» ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ጋሼ ይህን አያስቡም። ጋሼ መሐል ላይ ከተገለጡት ስድስት አለች፣ በእጃቸውም ስድስት አለች፤ በቃ። «እስኪ ልየው» ይላሉ። የእርስዎ ታሪክ፣ የእርስዎ ድፍረት፣ የእርስዎ ፊት አለመለዋወጥ ለእሳቸው ምንም አይነግራቸውም። የመጡትም ለማየት ነው። በሁለት ስድስት መደቡን ይወስዱና እርስዎ «ይሄ ሰውዬ ጨዋታ አያውቅም» እያሉ ይበሳጫሉ። ልክ ነው፣ አያውቁም። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር፤ አለማወቃቸውን እያወቁ ነው ያስፈራሯቸው።

በቁጥር እንየው። መሐል 50 ብር አለ። ምንም ሳይኖርዎ 50 ብር ጨምረው ሊያስጥሉ ሞከሩ። ኪሳራ እንዳይኖር ሰውየው ከሁለት ጊዜ አንዴ መጣል አለበት። ከአራት ጊዜ አንዴ ብቻ የሚጥል ከሆነ ግን በአራት ሙከራ አንዴ 50 ያገኛሉ፣ ሦስቴ ሃምሳ ሃምሳ ያጣሉ። በጥቅሉ 100 ብር ወጣ ማለት ነው። በየቤቱ ያለው «ልየው» ባይ ደግሞ ከአራት አንዴ እንኳ የሚጥል አይደለም።

ይህን እምነት ያገነነው ቴሌቪዥንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ በተደረገው የዓለም ፖከር ውድድር ክሪስ ማኒሜከር የሚባል የሒሳብ ባለሙያ ከ839 ተወዳዳሪዎች መሐል አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከኢንተርኔት ርካሽ ማጣሪያ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ነበር። የዚያ ውድድር በጣም የታወቀው ቅጽበት መጨረሻ ላይ ከሳም ፋርሃ ጋር የተፋጠጠበት ነው። ማኒሜከር በእጁ ኪንግና ሰባት ብቻ ነበረው፤ ምንም አልሠራም። ያለውን ሁሉ ገፋ። ፋርሃ ሁለት ዘጠኝ ሠርቶ ነበር፣ ያ ደግሞ የበላይ ነበር። አስቦ አስቦ ጣለ። ይህን ያየ ወጣት ሁሉ ኪንግና ሰባት ይዞ መግባት ጀግንነት መሰለው። ልብ ያላለው ነገር ጣዩ ማን እንደነበረ ነው። ፋርሃ ኑሮው ፖከር የሆነ ሰው ነው፤ የጣለውም ስለሚያስብ ነው። በፋርሃ ቦታ ጋሼ ቢቀመጡ «ልየው» ብለው በሁለት ዘጠኝ ይወስዱት ነበር። የዓለም ሻምፒዮና የሚያስገኘው ማስፈራራት በእኛ ሳሎን ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ክርክር ከመጀመሪያው በሌላ በኩል ይመጣል። «ጥሩ ካርታ መጠበቅ ለምን ይጠቅማል? እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ይገባል። ሁለት ኤስ ይዤ እንኳ በሦስትና በአራት ተሸንፌአለሁ» የሚል ነው። ይህን የሚለው ሰው የተናገረው እውነት ነው፤ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ሐሰት ነው። ሁለት ኤስ ያለው ሰው ያገኘውን ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር ብቻ ቢጋጠም 85 ከመቶ ያሸንፋል። አራት ሰው ቢገባበት ወደ 56 ከመቶ ይወርዳል። ስምንት ሰው ቢገባበት ወደ 35 ከመቶ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መሸነፉ አይቀርም። ትዝ የሚለው ደግሞ የተሸነፈበት ነው። ገንዘቡን ግን አይቆጥርም። ሁሉም 10 ብር ያስገባ እንበል። ከአንድ ሰው ጋር ሲሆን መደቡ 20 ብር ነው፤ ከዚያ 85 ከመቶው 17 ብር ነው፤ ትርፉ በአማካይ 7 ብር። ከአራት ሰው ጋር ሲሆን መደቡ 50 ብር ነው፤ 56 ከመቶው 28 ብር ነው፤ ትርፉ 18 ብር። በየጊዜው የሚሸነፍ መሰለው፣ ትርፉ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደካማ ተጫዋቾች መግባታቸው የሁለት ኤስን ዋጋ ከፍ አደረገው እንጂ አልቀነሰውም። የሰባትና የሁለትን ነገር ደግሞ አስቡት። ከአምስት ሰዎች እኩል ድርሻ 20 ከመቶ ነው፤ ሰባትና ሁለት እዚያ አይደርስም። ብዙ ሰው በገባ ቁጥር ከራሱ ድርሻ በታች እያገኘ ይሄዳል። ማን ተጎዳ? የጠበቀው ሳይሆን «ሁሉም ስለሚገባ እኔም ልግባ» ያለው ነው።

ሦስተኛው፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ፣ «ኤስ ካለ ይገባል» የሚለው ነው። በሳሎኖቻችን ኤስ የያዘ ሰው አይጥልም። ኤስና ሦስት፣ ኤስና ሰባት፣ ምንም ይሁን ይገባል። አወቅሁ ባዩም «ያው ሁሉም በኤስ ይገባል፣ እኔም በኤስና በሰባት እገባለሁ» ይላል። ይህ እኩል መሆን ነው። ደካማ ተጫዋች ኤስና ሰባት ይዞ የሚገባ ከሆነ ትክክለኛው መልስ ኤስና ሰባትን ጥሎ ኤስና ኪንግን፣ ኤስና ኩዊንን መጠበቅ ነው። ኤስና ኪንግ ከኤስና ሰባት ጋር ሲጋጠም ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ያሸንፋል። እንዴት? መሐል ላይ ኤስ ሲገለጥ ሁለቱም ሁለት ኤስ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል፤ ያን ጊዜ ቀጥሎ ያለው ካርታ ይፈርዳል። ኪንግ ሰባትን ይበልጣል። ደካማው ደግሞ ኤስ ካየ በኋላ አይጥልም፤ እስከ መጨረሻው ይከፍላል። በቤት ጨዋታ ትልቁ ገንዘብ የሚገኘው ከዚህ ነው። የሚገኘው ግን ያንን ካርታ ሳይጥል ለያዘው ሳይሆን፣ መጥፎውን ኤስ ቀድሞ ለጣለው ሰው ነው። ይኸው ነው ሙሉ ክርክሬ፦ ተጋጣሚው ስለማይጥል ጥቅሙ የሚመጣው ከእሱ ስሕተት ብቻ ነው፤ የእሱ ስሕተት ደግሞ በመጥፎ መነሻ ካርታ መግባቱ ነው። ያንኑ ስሕተት አብሮት የሚሠራ ሰው ከየት ያተርፋል?

ስለ አንድ ምልክት ካርታም ጥቂት ልበል። «ሁለቱም ልብ ናቸው ብዬ ገባሁ» የማይል የለም። አንድ ምልክት መሆናቸው የማሸነፍ ዕድላቸውን የሚጨምረው በሦስት ከመቶ ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ሲገለጡ ሙሉ አምስት አንድ ዓይነት ሆኖ የሚመጣው ከ118 ጊዜ አንዴ ነው። ዘጠኝና ሦስት አንድ ምልክት ስለሆኑ ብቻ የሚገባ ሰው በየዙሩ ለዚያ አንዴ እየከፈለ ነው። ኤስ ካለበትና አንድ ምልክት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ሲመጣ ከሁሉ የበላይ ስለሚሆን፣ «ልየው» ባዩም ትንንሽ አንድ ምልክት ካርታዎቹን ይዞ እስከ መጨረሻ ስለሚከተል ሙሉ ይከፈልበታል።

ተጋጣሚን ንቆ ያለ መልካም መነሻ መግባት ምን እንደሚያስከትል ለአራዳ ሰው ለመንገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአደባባዩ ላይ በፈረስ የቆሙት ንጉሠ ነገሥት ድል ያደረጉበት የዓድዋ ጦርነት ምሳሌ ነው፤ የሰው ደም ከካርታ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፣ ስለ ፍርድ አሰጣጥ ብቻ ነው የምናገረው። በ1888 ዓ.ም. የካቲት የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ሳውሪያ ላይ በጠንካራ ምሽግ ተቀምጦ ነበር። ዐፄ ምኒልክ እዚያ ሄደው አልወጉትም። የሰው ብዛት ነበራቸው፣ ስንቃቸውም እያለቀ ነበር። ያም ሆኖ ምሽግ ላይ መውጣት መጥፎ መነሻ መሆኑን አይተው ዓድዋ ላይ ጠበቁ። ባራቲየሪ በራሱ በኩል ወደ ኋላ ማፈግፈግን አስቦ ነበር። የጦር አዛዦቹ ዳቦርሚዳ፣ አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲና ኤሌና ግን ተቃወሙት፤ ከሮም የሚመጣው ቴሌግራምም ይጎተጉተው ነበር። ከ17 ሺህ በላይ ጦሩን በሌሊት፣ በማያውቀው ተራራ፣ ለያይቶ ላከ። አልቤርቶኔ በኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ስም ተሳስቶ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ሄደ። የካቲት 23 ነገሩ ተፈጸመ። ዳቦርሚዳና አሪሞንዲ እዚያው ቀሩ፣ አልቤርቶኔ ተማረከ። ያ ሁሉ ሲሆን ምኒልክ ከሁሉ በላይ ጥበብ ያሳዩት መቼ አለመግባት እንዳለባቸው በማወቃቸው ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል አጠገብ እያዩ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ደጃፍ እየረገጡ፣ «ተጋጣሚህ ደካማ ከሆነ በምንም ግባ» ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

ይህን ስል ሌላው ወገን አንዳችም እውነት የለውም ማለቴ አይደለም። አለው። ከሁሉ በኋላ የሚጫወት፣ ማለትም በአዳዩ ቦታ የተቀመጠ ሰው፣ ሌሎቹ ምን እንዳደረጉ አይቶ ስለሚወስን ካርታውን ትንሽ ሊያሰፋ ይችላል። ትንንሽ ጥንዶች፣ ሁለት አራት፣ ሁለት አምስት፣ ከደካማ ጋር ሲጫወቱ ዋጋቸው ይጨምራል። ከስምንት ጊዜ አንዴ ያህል መሐል ላይ ሦስተኛው ይመጣል፤ ሲመጣም ማንም አይጠረጥረውም፣ «ልየው» ባዩም በደስታ ይከፍላል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው መግቢያው ርካሽ ሲሆንና በሁለታችሁም ፊት ብዙ ገንዘብ ሲቀር ነው። መግቢያው ከያዛችሁት ከሃያ አንዱን ካለፈ ሒሳቡ አይወጣም። ማስፈራራትም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። አዲስ የመጣ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ትንሽ ሲጨመርበት የሚጥል እንግዳ ሊኖር ይችላል። እሱ ግን በቤት ጨዋታ ብዙ አይገኝም፤ ቢገኝም ሁለት ቅዳሜ ሳይሞላው «ልየው» ማለትን ይማራል። ለአንድ እንግዳ የሚሆነውን ተመርኩዞ በሌሎቹ ስድስት ላይ ገንዘብ የሚያጠፋ ስልት መከተል አይገባም።

ታዲያ ምን ይያዝ? ዴቪድ ስክላንስኪ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው የሆልደም መጽሐፍ መነሻ ካርታዎችን በደረጃ ከከፋፈለ ወዲህ ብዙ ዝርዝር ወጥቷል፤ ለእኛ ሳሎን ግን ረጅም ዝርዝር አያስፈልግም። ተመሳሳይ ጥንዶች ሁሉ፤ ኤስ ከኪንግ፣ ከኩዊን፣ ከጃክ ጋር፤ ኪንግና ኩዊን፤ አንድ ምልክት ከሆነ ኤስ ከማንኛውም ጋር፤ እንዲሁም አንድ ምልክት የሆኑ ኪንግና ጃክ፣ ኩዊንና ጃክ፣ ጃክና አሥር። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከሚታደለው ከሰባት አንዱ ገደማ ነው። በሰዓት ሃያ ዙር ቢታደል ሦስት ያህል ጊዜ ትገባላችሁ። ገብታችሁ ደግሞ አብራችሁ እየተንፏቀቃችሁ አትከተሉ፤ ጨምሩ። ቤት ውስጥ ሦስት እጥፍ ቢጨምሩም «ልየው» ይባላል፣ አምስት እጥፍ ቢጨምሩም «ልየው» ይባላል። ስለዚህ ጥሩ ሲደርሳችሁ አምስት እጥፍ ጨምሩ። ትናንሽ ጥንድ ከሆነ በርካሽ ግቡ፣ ሦስተኛው ካልመጣ ጣሉ። ከገባችሁ በኋላ ካርታው ካልመታ ማንንም ለማስፈራራት አትሞክሩ፤ ከመታ ሳትፈሩ እስከ መጨረሻው አስከፍሉ። ይህ ውስብስብ አይደለም፤ ይሁን እንጂ አድራጊው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም መጣል አሰልቺ ነው።

እዚህ ላይ «ሁሉም ዕድል ነው» የሚለው ሰው ይነሣል። የሎተሪ ቲኬት የገዛ ሰው ቲኬቱን ከገዛ በኋላ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ዕጣው እስኪወጣ ይጠብቃል። ፖከር ላይ ግን መጥፎውን ቲኬት ያለ ዋጋ ወይም በጣም በትንሽ ዋጋ እንድትመልሱ ይፈቀድላችኋል። በየዙሩ! ይህን መብት የማይጠቀም ሰው ጨዋታውን ወደ ሎተሪ የለወጠው ራሱ ነው። በአንድ ምሽት ዕድል የፈለገውን ይሠራል፤ ጋሼ በሁለትና በሰባት ሙሉ ቤት ሠርተው ሲወስዱ ይታያሉ፣ እሰየው ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቆጠር ግን ማን መጥፎውን እንደመለሰና ማን እንዳልመለሰ ገንዘቡ ይናገራል።

የመጨረሻውና ለአራዳ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ሒሳብ አይደለም፤ ስለ ባሕርይ ነው። «ሰው ቤት ተጠርተህ እየጣልክ መቀመጥ ንፍገት ነው። ጨዋታ ታበርዳለህ። አራዳ ሰው ይገባል፣ ይስቃል፣ ይሸነፋል፣ ያሸንፋል» ይሉኛል። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ገበታው የተዘረጋው ለወዳጅነት መሆኑን አልረሳሁትም። መልሴ ግን ጨዋታ የሚያበርደው የሚጥል ሰው አይደለም የሚል ነው። የሚያበርደው ስልኩ ላይ የሚያፈጥ፣ ሲሸነፍ ሌላውን በአለማወቅ የሚሰድብ፣ ጋሼን «እንዴት በሁለት ስድስት ይከተላሉ?» ብሎ በሰው ፊት የሚያሳፍር ነው። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ በማንኛውም ካርታ የገባው፣ ማስፈራራቱ ያልሠራለት ሰው ነው፤ ዕቅዱ ሁሉ በሌላው መፍራት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሳይፈሩት ሲቀሩ ይቆጣል። ካርታውን መርጦ የሚገባው ሰው «ልየው» ሲባል ደስ ይለዋል። ካርታውን በጣለባቸው ዙሮች ውስጥ እጁ ነፃ ነው፤ ቡና ይቀዳል፣ ለጋሼ የትኛው እንደሚበልጥ ያስረዳል፣ ስለ ድሮው ሠፈር ያወራል። ትምህርቱን መስጠቱም ጉዳት የለውም። ጋሼ መጣልን ቢማሩና ጨዋታው ቢጠነክር፣ ያኔ ስለ ማስፈራራት እንነጋገራለን።